በአርባ ሰከንድ ያጸደቅሁት መስመር

በሕይወቴ ካጠፋኋቸው ጥፋቶች ሁሉ አጭሩ አርባ ሰከንድ የፈጀ ነው። ሌሎቹ ረጃጅም ናቸው፤ አንዳንዶቹ እስካሁን አላለቁም። ይህኛው ግን ሰዓቱ ተመዝግቦ፣ ስሜ ተጽፎ፣ ከጎኑ የምስጋና ቃል ተለጥፎበት ስለተቀመጠ ልክደው አልችልም። ታሪኩን ስትሰሙ «እኔ ብሆን አላደርገውም» ማለታችሁ አይቀርም። ፍርዱን ለመጨረሻ አቆዩልኝ።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ናይሮቢ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ኢስትሊ ከአንድ የጨርቅ መደብር በላይ ባለች ክፍል እኖራለሁ፤ ዌስትላንድስ እሠራለሁ። ግጥምም ኮድም የተማርኩት ያለ አስተማሪ፣ ከተሰነጠቀ ስልክ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ገጣሚዎቹ የኮምፒውተር ሠራተኛ ይሉኛል፤ የኮምፒውተር ሠራተኞቹ ደግሞ ገጣሚ። ሁለቱም ወገኖች ስድብ አስመስለው ነው የሚሉት።

መሥሪያ ቤታችን ለክሊኒኮች የሚሆን ኮምፒውተር ይሠራል። የኤክስሬይና የሲቲ ስካን ምስሎች የሚቀመጡበት፣ ሐኪሙም ከፍቶ የሚያይበት ሣጥን ነው። ውስጡ ያለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በነጻ ከሚገኙት አንዱ ነው፤ እኛ ለራሳችን እንዲመች አሻሽለነዋል። የማሻሻሉን ከባድ ክፍል፣ ሜሞሪ የሚያከፋፍለውን፣ የጻፉት ጋሽ ሰይፉ ናቸው።

ጋሽ ሰይፉ ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ኪሌሌሽዋ ይኖራሉ። ናይሮቢ ውስጥ ኮምፒውተር ነክ ሥራ የያዘ ሐበሻ ወጣት ካገኛችሁ፣ ወይ እሳቸው ናቸው ያስቀጠሩት፣ ወይ እሳቸው ያስቀጠሩት ሰው ነው ያስቀጠረው። እኔንም «ዲግሪ የለውም» ሲሏቸው «ጭንቅላት አለው» ብለው ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ጠዋት ቢሮ ሲገቡ እኔና ሌሎቹ ሁለት ሐበሾች ብድግ እንላለን። ኬንያውያኑ ባልደረቦቻችን መጀመሪያ ሰሞን እሳት የተነሳ መስሏቸው አብረውን ይነሱ ነበር።

የቢሮአችን አሠራር እንዲህ ነው። ማንም የጻፈውን ኮድ ብቻውን አያስገባም። ሌላ ሰው መስመር በመስመር አንብቦ፣ ያልጣመውን ከጎኑ ጽፎ፣ በመጨረሻ «አጽድቄያለሁ» የምትለውን አረንጓዴ ቁልፍ መጫን አለበት። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ለጻፈው ሰው የተሰወረ ስህተት ለሁለተኛው ሰው ይታያል ነው ነገሩ። ይህን ያሰቡት ሰዎች ግን ሁለተኛው ሰው ሐበሻ፣ የመጀመሪያው ደግሞ ጋሼ ሊሆን እንደሚችል አልታያቸውም። ጋሽ ሰይፉ የጻፉትን ለእኔ ነበር የሚልኩት። የትልቅ ሰው ሥራ ላይ ዓይንን አጥብቦ መፈተሽ፣ ቤታቸው ተጋብዞ ሳህናቸውን በጣት ዳስሶ አቧራ እንደመፈለግ ነው። እከፍታለሁ፣ ከላይ እስከ ታች እወርዳለሁ፣ አረንጓዴዋን እጫናለሁ። ከዚያ «ጋሼ፣ እጅግ ግሩም ነው፤ እናመሰግናለን» ብዬ እጽፋለሁ። ምስጋናውን መጻፍ ኮዱን ከማየት የበለጠ ጊዜ ይወስድ ነበር።

ፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ዋንጂሩ ናት። እኩያዬ ናት፤ ከእኔ ፈጣን ናት። «ምሻይሪ» ትለኛለች፤ በስዋሂሊ ገጣሚ ማለት ነው፤ ከእሷ አፍ ሲወጣ ግን ሥራ ፈት ማለት ይመስላል። በሦስት በሦስት ወር ኮንትራት ነበር የምትሠራው። ሦስተኛውን እየጨረሰች ነበር፤ አራተኛው ቋሚ ቅጥር ነው። ቋሚ የሆነች ቀን ታናሽ እህቷን ከገጠር አምጥታ አብራት ልታኖራት ቆርጣ፣ ሁለት ክፍል ያለው ቤት ሁሉ አይታ ነበር። ከቤቱ መስኮት ምን እንደሚታይ ሳይቀር ነግራኛለች፤ የሌላ ሕንጻ የጀርባ ግድግዳ ነው።

ነገሩ የጀመረው ረቡዕ ጠዋት ነው። ሦስት ክሊኒኮች ውስጥ ሣጥኖቻችን ሐኪሞች እያዩባቸው ድርግም ብለው ጠፉ። ሦስቱም አዲሶቹ፣ ብዙ ሜሞሪ ያላቸው ናቸው። ሦስቱም ላይ ከሁለት ሳምንት በፊት የዋንጂሩ ማሻሻያ ገብቷል። ቀድሞ ሐኪሙ የአንድን በሽተኛ ስካን እየቆራረጠ ነበር የሚያየው፤ እሷ ሙሉውን በአንድ ጊዜ እንዲከፍት አድርጋዋለች።

አለቃችን ማርቲን ሰበሰበን። ማርቲን ከየት አገር እንደመጣ እስካሁን በትክክል አላውቅም፤ እሱም ያወቀው አይመስለኝም። ከጀርባው ግድግዳ ላይ «እዚህ ምክንያት እንጂ ጥፋተኛ አንፈልግም» የሚል በፍሬም የገባ ጽሑፍ አለ። ማርቲን ጽሑፉን በእጁ አመለከተና ማንም እንደማይወቀስ አረጋገጠልን። ቀጥሎ የዋንጂሩን ስም ሰባት ጊዜ ጠራ። ቆጥሬያለሁ። ዓርብ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጨረሻው ስብሰባ እንደሚሆን፣ የኮንትራቷም ነገር በዚያው እንደሚወሰን ተናገረ። እኔን ደግሞ እስከዚያ ማስረጃ እንዳሰባስብ አዘዘኝ። የማን ማስረጃ እንደሆነ አልተናገረም፤ ዓይኑ ግን ዋንጂሩ ላይ ነበር።

ከስብሰባው ስንወጣ ዋንጂሩ ወደ እኔ ጠጋ ብላ ቀስ ብላ ተናገረች። «ምሻይሪ፣ የእኔ ከሆነ የእኔ ነው በለኝ። ካልሆነ ግን ፈልገው።»

ሐሙስ ጠዋት አንዱን ሣጥን መሞከሪያ ክፍል አስገብቼ በሩን ዘጋሁ። መጠናቸው የተለያየ ምስሎች አዘጋጅቼ በየተራ መክፈት፣ መቼ እንደሚወድቅ በማስታወሻ ደብተር መጻፍ። ሥራዬ ይኸው ነው። እንደ እኔ ዓይነት ዲግሪ የሌለው ሰው የሚሰጠው ሥራ ነው፤ አንድ ነገር እስኪሞት ቁጭ ብሎ መጠበቅ።

ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ጊጋባይት ከፈትኩ፤ ሰላም ነው። አራት ነጥብ አንድ ከፈትኩ፤ ዓይኔን ሳልጨፍን ወደቀ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ ትልቅ ምስል ይገድለዋል፣ ትልቅ ምስል ያመጣችው ዋንጂሩ ናት። ምርመራው እዚህ ላይ ሊዘጋ ይችል ነበር። እኔ ግን አመሌ ሆኖ ቀጠልኩ። ስድስት ከፈትኩ፤ ወደቀ፣ ግን ቆይቶ ነው። ሰባት ነጥብ ዘጠኝ ከፈትኩ፤ አምስት ደቂቃ ያህል በደህና ሠርቶ ወደቀ።

እዚህ ላይ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ጥፋቱ የመጠን ከሆነ ትልቁ ከትንሹ ቀድሞ መሞት ነበረበት። ይህ ግን አራት ነጥብ አንዱን ወዲያው ገድሎ፣ እጥፍ የሚሆነውን አምስት ደቂቃ ያቆያል። ስምንት ጊጋባይት ልክ ከፈትኩ። ጭራሽ አልወደቀም፤ «ምስሉ ሊከፈት አልቻለም» ብሎ በትሕትና መለሰልኝ። ስምንት ነጥብ አንድ ከፈትኩ፤ ወዲያው ድርግም አለ።

ቁጥሩ በየአራት ጊጋባይቱ እንደገና ይጀምር ነበር። የናይሮቢ ሚኒባስ ታክሲ፣ አሮጌ ማታቱ፣ ውስጥ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጣችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ የኪሎሜትር ቆጣሪው ዘጠኝ ዘጠኝ ሞልቶ ወደ ዜሮ ሲገለበጥ አይታችሁ ይሆናል። መኪናው ግን አዲስ አልሆነም።

ነገሩን በቀላሉ ላስረዳ። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሜሞሪን እኩል በሆኑ ቁራጮች ያከፋፍላል፤ ቁራጮቹን ገጽ እንላቸዋለን። አንድ ፕሮግራም «ይህን ያህል ገጽ ስጠኝ» ሲለው የገጾቹን ቁጥር ወደ ባይት መለወጥ አለበት። እኛ አንድን ቁጥር በሺህ ለማባዛት ሦስት ዜሮ እንደምንጨምርለት፣ ኮምፒውተሩም ቁጥሩን አሥራ ሁለት ቤት ወደ ግራ ይገፋዋል። ችግሩ የሚገፋበት ቦታ ጠባብ ከሆነ ነው። ሠላሳ ሁለት ቤት ብቻ ካለው፣ ሠላሳ ሦስተኛ ቤት የምትፈልግ አንድ ከግራው ጫፍ ትወድቃለች። አራት ጊጋባይት ደግሞ በኮምፒውተር አጻጻፍ አንድና ሠላሳ ሁለት ዜሮዎች ናት። አንዷ ወደቀች፤ የቀረው ዜሮ ብቻ ነው። አራት ነጥብ አንድ የጠየቀ ነጥብ አንድ ይሰጠዋል። ሰባት ነጥብ ዘጠኝ የጠየቀ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ይሰጠዋል፤ እስኪሞላው ድረስ በሰላም ይሠራል፣ ከሞላ በኋላ የሌላ ሰው ቦታ ላይ መጻፍ ይጀምራል። ስምንትን ልክ የጠየቀ ምንም አልተሰጠውምና ቢያንስ ምንም እንዳልተሰጠው ያውቃል።

ስለዚህ ጉድጓዱን ዋንጂሩ አልቆፈረችውም። ሳይታይ የቆየው ከእሷ በፊት እስከዚያ ድረስ የሄደ ስላልነበረ ነው።

መስመሩን ለማግኘት ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። በሰው ቋንቋ ሲነበብ እንዲህ ይላል፦ የገጾቹን ቁጥር ግፋ፤ ውጤቱን ሰፊ ቦታ ላይ አስቀምጥ። አያችሁ፣ ማስፋቱ አለ። ለዚያ ነው የሚያታልለው። ግን የመጣው ከመግፋቱ በኋላ ነው። የአንድ ጀሪካን ውሃ ብርጭቆ ላይ ገልብጦ፣ ከዚያ ብርጭቆዋን በርሜል ውስጥ እንደማስቀመጥ ነው። በርሜሉ ሰፊ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ውሃው ግን ወለሉ ላይ ነው። መድኃኒቱም ቅደም ተከተሉን መቀየር ብቻ ነበር፤ መጀመሪያ ማስፋት፣ ቀጥሎ መግፋት።

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ይህን የጻፈው ማን ይሆን ብዬ መዝገቡን ከፈትኩ። ደስታዬ ልክ አገኘ።

የጻፈው፦ ሰይፉ። ያጸደቀው፦ እኔ። በተላከበትና በጸደቀበት መካከል አርባ ሰከንድ። ከሥሩ የእኔው ጽሑፍ፦ «ጋሼ፣ እጅግ ግሩም ነው፤ እናመሰግናለን።»

ረጅም ጊዜ አየሁት። ከዚያ በፊት የትኛውንም የራሴን ጽሑፍ ያን ያህል አጥብቄ አላነበብኩም።

ጋሽ ሰይፉ ሐሙስ ሐሙስ ከቤታቸው ነው የሚሠሩት። በኢሜይል ልጽፍላቸው አሰብኩና ነውር ሆነብኝ፤ የትልቅ ሰው ስህተት በጽሑፍ አይነገርም። ከምሳ በኋላ ኪሌሌሽዋ ሄድኩ። በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ፤ ነጠላ ጫማ አድርገዋል። ጭማቂ ቀረበልኝ። ስለ ጤናቸው፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ዝናቡ ጠየቅኩ። ማስታወሻ ደብተሬን እስክከፍት ሃያ አምስት ደቂቃ ሄዷል።

ሳስረዳቸው አላቋረጡኝም። ደብተሩን ተቀብለው ቁጥሮቹን በጣታቸው ተከተሉ። ሰባት ነጥብ ዘጠኝ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ገብቷቸዋል፤ እኔ ግማሽ ቀን የፈጀብኝ በአንድ ትንፋሽ ገባቸው። ደብተሩን ዘግተው መለሱልኝ።

«ማን ያውቃል?»

«እኔ ብቻ ነኝ ጋሼ።»

«ጥሩ። ሰኞ ከሌሎች ማሻሻያዎች ጋር ቀላቅለን እናስገባዋለን። ሣጥኖቹ ይድናሉ። ዋናው እሱ ነው።»

«ዋንጂሩስ?»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። «እሷ አገሯ ላይ ናት። አንድ በር ቢዘጋባት ሌላ ታንኳኳለች። አንተና እኔ የምንኖረው በሥራ ፈቃድ ነው። የእኔ ስም ከተበላሸ ነገ ያንተን ፈቃድ ማን ያሳድሳል? እኔ ያስገባኋቸውን ልጆች ሁሉ አንድ በአንድ መመርመር ይጀምራሉ። ይሄን አስበኸዋል?»

አላሰብኩትም ነበር። ወዲያው አሰብኩት። እውነት ነበር፤ ክፉ ያደረገውም እውነት መሆኑ ነው። ከዚያ አፌን ስከፍት የወጣውን ቃል ልንገራችሁ፤ ልክድ አልችልም ብያችኋለሁ።

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

እንዲያውም ጎንበስ ብዬ።

በማታቱ ወደ ኢስትሊ ስመለስ፣ ስለ ድፍረት ግጥም መጻፍ ጀመርኩ። አልቀለድኩም። ሦስት ስንኝ ሄጃለሁ። አራተኛው ላይ ዕረፍት ያጣ ኅሊና፣ ማዕበል፣ ንጋት የመሳሰሉ ነገሮች መጡልኝና ምን እያደረግኩ እንደሆነ ገባኝ። ዋንጂሩ ነገ ልትባረር ነው፤ እኔ ቤት እንዲመታ እያስተካከልኩ ነው። ስልኩን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ዓርብ ጠዋት ዋንጂሩ ከእኔ ቀድማ ገብታ ነበር። ጠረጴዛዋ ላይ የነበሩት ነገሮች ሁሉ ተሰብስበው ቦርሳዋ አጠገብ በሥርዓት ተደርድረዋል። የተገኘ ነገር እንዳለ ጠየቀችኝ። ገና እያየሁ ነው አልኳት። እሺ አለች፤ እሺታዋ ከእኔ እሺታ ይልቅ ንጹሕ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ማርቲን በፍሬሙ ሥር ቆሞ ማንም እንደማይወቀስ ደገመልን፤ ከዚያ ስክሪኑን አበራ፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው የዋንጂሩ ስም ነው። ማሻሻያዋ የገባበትን ቀን፣ ሣጥኖቹ የወደቁበትን ቀን አሳየ። መጨረሻ ላይ የሁሉም አንጋፋ የሆኑትን የጋሽ ሰይፉን ሐሳብ ጠየቀ።

ጋሽ ሰይፉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ማሻሻያው ትንሽ ችኮላ እንደነበረበት፣ ወጣቶች ብዙ ጊዜ እንደሚቸኩሉ ተናገሩ። ውሸት አልነበረም። አንድም ቃል ውሸት የለበትም። ዋንጂሩን አየኋት፤ ጠረጴዛውን ነበር የምታየው። «የእኔ ከሆነ የእኔ ነው በለኝ» ያለችኝ ሴት፣ ያላጠፋችውን እንዳጠፋች ማመን ጀምራ ነበር። እጄ ተነሳ። እኔ ነኝ ያነሳሁት ብዬ ልኮራ አልችልም፤ ተነስቶ ነው ያገኘሁት።

ሣጥኑን እዚያው እንዲያገናኙልኝ ጠየቅኩ። አራት ነጥብ አንድ ከፈትኩላቸው፤ ወደቀ። ሰባት ነጥብ ዘጠኝ ከፈትኩ፤ አምስት ደቂቃ ሙሉ ዝም ብለን ስክሪን አየን። በዚያ ክፍል ውስጥ ከዚያ በፊት አምስት ደቂቃ ዝም ተብሎ አያውቅም። ወደቀ። ስምንትን ከፈትኩ፤ በትሕትና እምቢ አለ። ከዚያ መስመሩን አሳየኋቸው፤ ብርጭቆዋንና በርሜሉን ነገርኳቸው።

ማርቲን አጽዳቂው ማን እንደሆነ ጠየቀ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «በአርባ ሰከንድ።»

«ለምን?»

እንግሊዝኛዬ መጥፎ አይደለም፤ ለዚህ ግን የሚሆን አጣሁ። ስለማከብራቸው ነው አልኩ። ወደ እንግሊዝኛ ተለውጦ ሲወጣ የእብድ መልስ ሆነ። ማርቲን ማስታወሻው ላይ «አክብሮት» ብሎ ጻፈና የጥያቄ ምልክት አደረገበት።

ዋንጂሩ ቀና አለች። «የእኔን ማሻሻያ ያየኸው አንተ ነህ» አለችኝ። «አሥራ አንድ አስተያየት ጽፈህብኛል። አንዱ፣ ስም አወጣጥሽ ውበት ይጎድለዋል ይላል።» ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። «ኩምቤ ማንበብ ትችላለህ።»

ኩምቤ በስዋሂሊ ለካ ማለት ነው። እስካሁን ስለ እኔ ከተጻፈ ከማንኛውም ሂስ የሚበልጥ ሂስ ነው።

ከዚያ ጋሽ ሰይፉ ተነሱ። መቀመጫቸውን አስተካከሉ፣ መነጽራቸውን አደረጉ። «መስመሩ የእኔ ነው» አሉ። «ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። ትናንት ተነግሮኝ አውቄው ነበር።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የጠየቃቸው አልነበረም። ባይጨምሯት ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር፤ እኔ አልናገርም ነበር።

የዋንጂሩ የቋሚ ቅጥር ወረቀት በሚቀጥለው ረቡዕ ተፈረመ። የእኔ ፈቃድ አልተነካም፤ ሌሎቹ ልጆችም አልተመረመሩም። ጋሽ ሰይፉ አልተባረሩም፤ እንደ እሳቸው ያለ ሰው ከየት ይመጣል። ማርቲን ከገጠመኙ ተምረናል ብሎ አዲስ ደንብ አወጣ፤ ማንም ሰው አንድን ኮድ ከአሥር ደቂቃ በታች ማጽደቅ አይችልም። አሁን ሰዉ ኮዱን ይከፍትና ሻይ ሊጠጣ ይወርዳል፤ አሥር ደቂቃ ሲሞላ ተመልሶ አረንጓዴዋን ይጫናል። የሻይ ቤቷ ባለቤት ደንቡን በጣም ወድዳዋለች።

ማስተካከያውን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ፤ የሚያጸድቀው ሌላ ሰው ያስፈልጋል፤ ከጋሽ ሰይፉና ከእኔ ሌላ ይህን ክፍል የሚያውቅ የቀረችው ዋንጂሩ ብቻ ናት። አንዲት መስመር ናት። ሁለት ቀን ያዘቻት። የመጀመሪያውን ቀን አነበበች። በሁለተኛው ቀን ራሷ በሠራችው መሞከሪያ ሣጥኑን ደግማ ደጋግማ አሠቃየችው። ማታ ልትወጣ ስትል አጸደቀችና ከሥሩ አንድ ጥያቄ ጻፈች፦ «ሌላስ የት የት አረንጓዴዋን ተጭነሃል?»

መልሱን ስለማላውቀው ልፈልግ ተቀመጥኩ። በዓመት ተኩል ውስጥ ለጋሽ ሰይፉ ያጸደቅሁት ስልሳ ሦስት ሥራ ነው። ሦስት ሳምንት ወሰደብኝ፤ ሁሉንም አነበብኩ። መጀመሪያ ስህተት ለማደን ነበር የገባሁት፤ ከሳቸው ይልቅ ራሴን ነጻ የሚያወጣ ነገር እፈልግ እንደነበር አልክድም። ሁለት ቦታ ያንኑ ስህተት አገኘሁ። ከዚያ ውጪ ያገኘሁት ግን ሌላ ነው። ሰውየው ይጽፋሉ። አንድ ከባድ ነገር በአራት መስመር ጨርሰውት፣ ከጎኑ ለአንባቢ ማብራሪያ አስቀምጠው ይሄዳሉ። አንድ ቦታ ላይ «ይህን ከዚህ በተሻለ ማድረግ ይቻል ይሆን? የምታነበው ሰው አስብበት» ብለው ጽፈዋል። ቀኑን አየሁ፤ ዓመት አልፎታል። ከሥሩ የእኔ መልስ አለ፦ «ግሩም ነው ጋሼ።»

እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አሁን ፍርዳችሁን ስጡ። እኔ አክብሮት ይቅር የሚል ሰው አይደለሁም፤ አሁንም ሲገቡ ብድግ እላለሁ። ግን ያን ሁሉ ጊዜ ሳከብር የነበረው ወንበሩን ነው። በየመድረኩ ግጥሜን የሚያነብልኝ ጠፋ እያልኩ የማማርር ሰው፣ እጅ የምነሳቸውን ሰው አንድ ቀን እንኳ አንብቤ አላውቅም። እሳቸውም ለዓመታት በዙሪያቸው ብድግ የሚል እንጂ የሚያነብ አልነበራቸውም። የእናንተም ቤት፣ ቢሮ፣ ደብር ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አለ። በየቀኑ ጥያቄ ያስቀምጣል፤ በየቀኑ ግሩም ነው ትሉታላችሁ። ከዚያ አንድ ቀን አንድ ሣጥን ይወድቃል፤ የሚባረረው ግን ሌላ ሰው ነው።

የዚያ ዓርብ ስብሰባ ካለፈ በኋላ ጋሽ ሰይፉ ከሰላምታ በቀር አያናግሩኝም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ኪሌሌሽዋ ቤታቸው ይጋብዙኝ የነበረውም ቀርቶብኛል። ንባቤን የጨረስኩ ቀን ሦስት ነጥቦች በወረቀት ጽፌ ጠረጴዛቸው ድረስ ሄድኩ። ሁለቱ ያገኘኋቸው ስህተቶች ናቸው፤ ሦስተኛው ስህተት መስሎ የታየኝ ሌላ ነገር። ስለ ጤናቸው፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ዝናቡ አልጠየቅኩም። ወረቀቱን አስቀመጥኩት።

ረጅም ጊዜ አነበቡት። «ይሄ ልክ ነው» አሉ። «ይሄም ልክ ነው።» ሦስተኛው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ይሄ ግን አንተ ስላልገባህ ነው። ወንበር ሳብ።»

ሳብኩ። አስረዱኝ። አልተዋጠልኝም፤ አልተዋጠልኝም አልኳቸው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያልኳቸው ነው፤ ድምፄ እንደ ጎረምሳ ድምፅ ተሰነጠቀ። እንደገና አስረዱኝ፤ እንደገና ተከራከርኩ። ድምፃችን ከፍ ሲል ዋንጂሩ ከጠረጴዛዋ ተነስታ መጣች፣ በመሐላችን ጎንበስ ብላ ኮዱን ከስክሪኑ ላይ አየች። አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

«ምዜ ልክ ናቸው» አለችኝ። ሽማግሌው ማለቷ ነው። ልትመለስ ዞረች።

ጋሽ ሰይፉ ግን በእጃቸው አስቆሟት፤ ወንበር ሳቡላትና ስክሪኑን ወደ እሷ አዞሩት።

«ቆይ» አሏት። «በደንብ አንብበሽዋል?»